የመንበሩ ዋጋ፦ የሊንከኑ ጳጳስ ሂዩ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1186 የእንግሊዟ ሊንከን ከተማ አዲስ ጳጳስ ተቀበለች። ሰውየው ወደ ካቴድራሉ የመጣው በባዶ እግሩ ነበር። ሥርዓቱ ተፈጽሞ መንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሊያስቀምጠው ከካንተርበሪ የመጣው ሊቀ ዲያቆን ጠጋ አለና የልማዱን ጠየቀ። አዲስ የተሾመ ጳጳስ መንበሩ ላይ ላወጣው ሰው ጠቀም ያለ ክፍያ መስጠት የተለመደ ነበር። ጳጳሱ «ለአክሊሉ የከፈልኩትን ያህል ለመንበሩም እከፍላለሁ» ሲል መለሰ። ለአክሊሉ የከፈለው ነገር አልነበረም። ሊቀ ዲያቆኑ ባዶ እጁን ሄደ።

ሰውየው ግን ቋጣሪ አልነበረም። ለሹመቱ ድግስ ስንት አጋዘን ይታረድ ብሎ የጠየቀውን የቤቱን አዛዥ «ሦስት መቶ፤ ካነሰም ጨምሩ» ብሎታል። ሥጋ የማይቀምስ መነኩሴ የአጋዘንን ቁጥር ከየት ይወቀው! የቤተ መንግሥት ሰዎች ይህችን ወሬ ለረጅም ጊዜ ሲስቁባት ኖረዋል።

ስሙ ሂዩ ይባላል። ሦስት የእንግሊዝ ነገሥታትን በየተራ ፊት ለፊት የተቃወመ፣ ሦስቱም ግን ያላሰሩት፣ ያላሳደዱትና ያልገደሉት ጳጳስ ነው። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ከእሱ ሹመት 16 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 29 ቀን 1170፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ከንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ጋር ተጣልቶ በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ በአራት የንጉሡ ፈረሰኞች ሰይፍ ተገድሏል። ሂዩን የሾመው ያው ሄንሪ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂዩ ለምን አስቸጋሪ ሰው እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደተረፈ ለመረዳት ግን በዚያ ዘመን ጳጳስ ማለት ምን ማለት እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ጳጳስ ሲባል መስቀል የያዘ፣ የሚባርክና የሚያስተምር አባት ነው የሚታየን። በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ጳጳስ ይህም ነበር፤ በተጨማሪ ግን ትልቅ ባለ ጉልት ነበር። በአገራችን ታሪክ ጉልት ምን እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ግብሩን የሚያስገባው ለባለ ጉልቱ ነው፤ ባለ ጉልቱም በፈንታው ንጉሡን ያገለግላል። የሊንከን ጳጳስ ለያዘው መሬት ንጉሡ ሲዘምት የስልሳ ፈረሰኛ ዕዳ ነበረበት። እንግዲህ አንድ ሰው መስቀሉን ከቤተ ክርስቲያን፣ መሬቱን ከንጉሥ ተቀብሎ ይኖራል ማለት ነው። ሁለቱ ጌቶች ሲስማሙ ችግር የለም። ሲጣሉ ግን ጳጳሱ የማን ነው?

ጥያቄው ገና ከምርጫው ይጀምራል። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ጳጳስን የሚመርጡት የካቴድራሉ ካህናት በጉባኤ ተሰብስበው ነው። በተግባር ግን ንጉሡ የሚፈልገውን ስም ይልክና ካህናቱ «መረጥን» ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ንጉሡ ስምም ሳይልክ ይቆያል፤ ምክንያቱም መንበሩ ባዶ እስከሆነ ድረስ የጉልቱ ገቢ የሚገባው ወደ ንጉሡ ካዝና ነው። ሊንከን ከ1166 መጨረሻ ጀምሮ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሥርዓቱ የተፈጸመለት ጳጳስ የነበራት ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። በመካከሉ ለዘጠኝ ዓመት ያህል «ተመራጭ» እየተባለ ገቢውን ይወስድ የነበረው ጆፍሪ የሚባል የንጉሡ ዲቃላ ልጅ ነበር፤ ጵጵስናውን ሳይቀበል በመጨረሻ ተወው። በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ ክርክሩ ሌላ ነበር። የኢትዮጵያ ጳጳስ ከእስክንድርያ ይመጣ ስለነበር ጭንቀቱ መቼ ይላካል የሚለው ነው። በእንግሊዝ ግን ሰውየው እዚያው ቅርብ አለ፤ ጭንቀቱ ማን ይሹመው የሚለው ነበር።

ሂዩ እንግሊዛዊ አልነበረም። በ1140 ገደማ ዛሬ ፈረንሳይ በሆነው አገር፣ በግሬኖብል አካባቢ፣ አቫሎን በተባለ ቦታ ከባላባት ቤት ተወለደ። እናቱ ሲሞቱ ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ነበር። አባቱ ዊልያም ርስቱን ለልጆቹ አካፍሎ ትንሹን ሂዩን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለ ገዳም ገባ። እዚያ ያስተማረው መምህር «ሂዩዬ፣ ሂዩዬ፣ እኔ የማሳድግህ ለክርስቶስ ነው፤ ጨዋታ ለአንተ አይደለም» ይለው እንደነበር ሂዩ ራሱ በሽምግልናው ያወራ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዲቁና ተቀበለ።

ከዚያ አንድ ቀን ከአለቃው ጋር ግራንድ ሻርትሩዝን ሊሳለም ወደ ተራራ ወጣና ልቡ እዚያው ቀረ። ግራንድ ሻርትሩዝ በ1084 ብሩኖ በተባለ ቅዱስ የተመሠረተ የካርቱዚያን መነኮሳት ገዳም ነው። መነኮሳቱ በአንድ አጥር ውስጥ ይኑሩ እንጂ አኗኗራቸው የባሕታዊ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ክፍልና ትንሽ የአትክልት ቦታ አለው፤ ብቻውን ይጸልያል፣ ብቻውን ይበላል፣ ሥጋ ጨርሶ አይቀምስም፣ ዝም ይላል። አለቃው የልጁን ምኞት ሲያውቅ ደነገጠና እንዳይሄድ በመሐላ አሰረው። ሂዩ ማለ፤ ከዚያም መሐላውን አፍርሶ ሄደ። በኋላ ቅዱስ የተባለ ሰው ታሪክ በመሐላ መፍረስ መጀመሩ ይገርመኛል። እሱ ግን በዚህ ነገር አንድም ቀን ተጸጽቶ አያውቅም።

ሻርትሩዝ ውስጥ ከዓመታት በኋላ የገዳሙ መጋቢ ሆነ። እንግዳ መቀበል፣ እህልና ከብት መቁጠር፣ ከገበሬና ከነጋዴ ጋር መነጋገር የእሱ ሥራ ነበር። ጸሐፊዎች ይህን ዘመን በአንድ አረፍተ ነገር ያልፉታል። ለእኔ ግን የኋላው ጳጳስ የተሠራው እዚያ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሂዩ ከነገሥታት ጋር ሲከራከር የሚጠቅሰው ሰማይና ሲኦልን ብቻ ሳይሆን ማን ለማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበትም ነው።

ወደ እንግሊዝ ያመጣው የቤኬት ደም ነው። ሄንሪ ለግድያው ንስሐ ሲገባ ከተቀበላቸው ግዴታዎች አንዱ ገዳማትን መሥራት ነበር። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ዊተም በተባለ ቦታ ለካርቱዚያን መነኮሳት መሬት ሰጠ። ሥራው ግን አልሄደም፤ መጀመሪያ የተሾሙት ሁለቱ አለቆች አልተሳካላቸውም። በ1179 ወይም 1180 ሂዩ ተልኮ መጣ። ሲደርስ ያየው ነገር ይህ ነው፤ ቦታው ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ለመነኮሳቱ ሲባል ሊነሡ ነው።

«እያንዳንዱ ለቤቱና ለለፋበት ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ካልተከፈለው ቦታውን አልረከብም» አለ። ንጉሡ ከፈለ። ሂዩ ቀጠለና በፈገግታ እንዲህ አለው፦ «ተመልከት እንግዲህ፤ እኔ መጻተኛው ድሃ አንተን በገዛ አገርህ የብዙ ቤት ጌታ አደረግሁህ»። ንጉሡ እነዚያን ጎጆዎች ምን ያደርግባቸዋል? ሂዩ ቤቶቹን ለራሱ ለመናቸውና ከተቀበለ በኋላ እንጨቱንና ክዳኑን ነቅለው ሌላ ቦታ እንዲሠሩበት ለገበሬዎቹ መልሶ ሰጣቸው። ገንዘቡንም ቤቱንም አገኙ። ከመኖሪያቸው ለልማት የተነሡ ሰዎችን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ያነበዋል።

የሊንከን ጉዳይ የመጣው በ1186 ነው። ንጉሡ ሄንሪ በኤንሻም ጉባኤ ሲያስቀምጥ የካቴድራሉ ካህናት እዚያው ንጉሡ ፊት ሂዩን መረጡ። ሂዩ ምርጫውን አልቀበልም አለ። ጳጳስ መመረጥ ያለበት በንጉሥ አዳራሽ፣ በንጉሥ ዓይን ሥር ሳይሆን በራሱ በካቴድራሉ፣ በካህናቱ ነፃ ፈቃድ ነው ሲል ተከራከረ። ካህናቱ ሊንከን ተመልሰው እንደገና መረጡት። እሱ አሁንም የሻርትሩዝ አለቃዬ ካላዘዘኝ አለ። መልእክተኛ ተልኮ ትእዛዙ መጣ። ከዚህ በኋላ ሽሽት የለም፤ ሴፕቴምበር 21 ቀን ዌስትሚንስተር ውስጥ ጵጵስናውን ተቀበለ። የሊቀ ዲያቆኑ ክፍያ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያንን መልስ ለመመለስ የበቃው በእርግጥም ለማንም ዕዳ ስላልነበረበት ነው። መንበሩን አልለመነም፣ አልገዛም፣ እንዲያውም ሁለቴ ገፍቶታል። ቢወሰድበት የሚመለሰው ወደሚናፍቃት በዓቱ ነው።

የሊንከን ሀገረ ስብከት በእንግሊዝ በስፋቱ አንደኛ ነበር፤ በሰሜን ከሃምበር ወንዝ እስከ ደቡብ ቴምዝ ወንዝ ይዘረጋል፣ ኦክስፎርድን ጨምሮ ስምንት ሊቀ ዲያቆናት ያስተዳድሩታል። ጳጳስ ሆኖ ይህን ሁሉ መድረስ ማለት ከፈረስ አለመውረድ ማለት ነው። አለመውረዱ ደግሞ ለብዙዎች ቃል በቃል ነበር። በእኛና በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕፃን በተጠመቀበት ዕለት ቄሱ ራሱ ሜሮን ይቀባዋል። በምዕራቡ ግን ሜሮን መቀባት ለጳጳስ የተተወ ስለሆነ፣ ጳጳስ ያልፋል በተባለበት መንገድ ሁሉ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። አንዳንድ ጳጳሳት ከኮርቻቸው ሳይወርዱ እጃቸውን ዘርግተው ቀብተው ያልፉ ነበር፤ ልጆቹ ከፈረሶቹ ኮቴ ሥር እያለቀሱ። ሂዩ ሁልጊዜ ይወርዳል። ደክሞትም፣ ታሞም፣ በጭቃም ይወርዳል። መንገድ ላይ አስከሬን ካገኘም ቆሞ ሳይቀብር አያልፍም፤ ግብዣ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ማዕዱ ይቀዘቅዝባቸዋል እንጂ።

የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እግር ያጥብና ይስማቸው ነበር። የካቴድራሉ ሊቅ ዊልያም አንድ ቀን ጳጳሱ እንዳይታበይ ፈርቶ ወይም ሊፈትነው ፈልጎ «ቅዱስ ማርቲን ለምጻሙን ስሞ ፈውሶት ነበር» አለው። ሂዩ መለሰ፦ «የማርቲን መሳም የለምጻሙን ሥጋ ፈወሰ፤ የለምጻሙ መሳም ግን የእኔን ነፍስ ፈወሰ።» መልሱ የገድል ጸሐፊ ያሳመረው ቢመስልም፣ ጸሐፊው የኤንሻሙ አዳም በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከጳጳሱ ጎን ያልተለየ ቄሱ ነው። ተአምር ሲነግረን እንኳ ጥንቃቄ ያደርጋል፤ የጌታውን ቁጡነትም አይደብቅም።

ከንጉሥ ሄንሪ ጋር የመጀመሪያው ግጭት በደን ምክንያት ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ለአደን የከለላቸው ደኖች የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ በውስጣቸው አጋዘን የነካ ገበሬ ወዮለት። የደን ሹማምንቱ በዚህ ሕግ ተጠልለው ድሃውን ይዘርፉ ነበር። ሂዩ የንጉሡን ዋና የደን ሹም አወገዘ። ይህ በነገሥታቱ ልማድ ትልቅ ድፍረት ነው፤ የንጉሥን ሹም ንጉሡን ሳያስፈቅዱ ማውገዝ ክልክል ነበር፤ ቤኬትና ሄንሪ ከተጣሉባቸው ነጥቦችም አንዱ ይኸው ነው። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ በሊንከን ካቴድራል ለአንድ የቤተ መንግሥት ሰው ገቢ ያለው የካህን ቦታ እንዲሰጠው ሲጠይቅ፣ ሂዩ «የቤተ ክርስቲያን ቦታ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ንጉሥ ሰዎቹን የሚሸልምበት የራሱ ሀብት አለው» ብሎ መለሰው።

ሄንሪ ተቆጥቶ ውድስቶክ ወዳለው አደን ቦታው አስጠራው። ጳጳሱ እንደሚመጣ ሲሰማም ጫካ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ መኳንንቱን በዙሪያው አስቀመጠ፣ ማንም እንዳይነሣለት፣ ማንም እንዳያናግረው አዘዘ። ሂዩ መጥቶ ሰላምታ ሰጠ። ዝም። አጠገቡ የተቀመጠውን መኮንን በትከሻው ገፋ አደረገና ከንጉሡ ጎን ተቀመጠ። አሁንም ዝም። ንጉሡ ዝምታው ሲከብደው መርፌና ክር አስመጣና የቆሰለ ጣቱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ ይሰፋ ጀመር። ሂዩ ትንሽ ሲያየው ቆየና «አሁንስ የፋሌዝ ዘመዶችህን መሰልክ!» አለው።

ንጉሡ መሬት ላይ ተንከባልሎ ሳቀ። መኳንንቱ ያልገባቸው ነበሩና እሱ ራሱ ተረጎመላቸው። እንግሊዝን በ1066 የወረረው ቅድመ አያቱ ዊልያም የተወለደው ፋሌዝ በምትባል የኖርማንዲ ከተማ ከጋብቻ ውጭ ሲሆን፣ የእናቱ ወገኖች ቆዳ ሠራተኞች ነበሩ ይባላል። ፋሌዝ በቆዳ ሥራዋ የታወቀች ናት። በአጭሩ ጳጳሱ ንጉሡን በመኳንንቱ ፊት «የፋቂ ዘር» ብሎታል ማለት ነው። ይህ ስድብ በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚያቃጥል አንባቢ ያውቃል፤ እዚያም ያው ነበር። ዊልያም በዘመኑ ቆዳ አንጠልጥለው በዚሁ ነገር ያላገጡበትን ሰዎች እጅና እግራቸውን እንዳስቆረጠ ይተረካል። ሄንሪ ግን ስቆ ሲያበቃ ስለ ደን ሹሙ ጠየቀው። ሂዩ ምክንያቱን በዝርዝር አስረዳ፤ ንጉሡም ተቀበለ። ሹሙ ንስሐ ገብቶ በአደባባይ ከተገረፈ በኋላ ከውግዘቱ ተፈታና ከዚያ ወዲያ የጳጳሱ ወዳጅ ሆነ።

ቤኬትም ሂዩም የተከራከሩበት ሕግ ተመሳሳይ ነው። ቤኬት ሲከራከር ግን ድሮ የንጉሡ ቀኝ እጅና ወዳጅ የነበረ ሰው ነው፤ በየክርክሩ የተከዳ ወዳጅነት አለበት። ሂዩ ከተራራ የመጣ ባዕድ ነው፤ ከንጉሡ የወሰደው የለም፣ የሚፈልገውም የለም፤ ላይ ደግሞ መቀለድ ይችላል።

ቀልድ የማይሠራበት ቦታም ነበር። በ1189 የሄንሪ ልጅ ሪቻርድ ሲነግሥ፣ ኢየሩሳሌምን ከሰላዲን ለማስመለስ የመስቀል ጦርነት ሲዘጋጅ፣ በእንግሊዝ የሚኖሩ አይሁዶች ላይ ሕዝቡ ተነሣ። በማርች 1190 ዮርክ ውስጥ 150 ያህል አይሁዶች በአንድ ግንብ ተከበው አለቁ። ዓመፁ ሊንከንና ስታምፎርድም ደረሰ። ሂዩ ሰይፍ የያዘ ሕዝብ ፊት ባዶ እጁን ገባ፤ ረበኞቹን ገሠጸ፣ አስበተነ። ኖርዝሃምፕተን ላይ ደግሞ የባሰ ነገር ገጠመው። ስታምፎርድ ላይ አይሁዶችን ዘርፎ የተመለሰ አንድ ወጣት በሌላ ሌባ እጅ ለዘረፈው ገንዘብ ሲባል ተገድሎ ነበርና፣ ሰዉ «ሰማዕት ነው» ብሎ መቃብሩን መሳለም ጀመረ፤ ከተማዋም ከተሳላሚው ታተርፋለች። ጳጳሱ መጥቶ በመቃብሩ ላይ የተሰቀለውን ጌጥ አስነቀለ፣ አምልኮውን በውግዘት ከለከለ። ሲሞት የሊንከን አይሁዶች አስከሬኑን አልቅሰው ሸኝተውታል።

እዚህ ላይ አንድ የስም መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። «የሊንከኑ ትንሹ ሂዩ» የሚባለው ሌላ ነው። በ1255 ሞቶ የተገኘ ሕፃን ሲሆን፣ አይሁዶች ለአምልኮ ገደሉት በሚል የሐሰት ክስ 19 ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸው ተገድለዋል። ካቴድራሉ ለዘመናት ይህን ታሪክ ሲያከብር ኖሮ በ1955 የውሸት መሆኑን የሚናዘዝ ጽሑፍ እዚያው አቁሟል።

ከሪቻርድ ጋር የነበረው ጉዳይ ሂሳብ ነው። በዲሴምበር 1197 ንጉሡ ኖርማንዲ ውስጥ ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ሲዋጋ፣ ሊቀ ጳጳሱ ሂዩበርት ዋልተር መኳንንቱንና ጳጳሳቱን ኦክስፎርድ ላይ ሰብስቦ የንጉሡን ትእዛዝ አቀረበ። ለአንድ ዓመት ባሕር ማዶ የሚያገለግሉ ሦስት መቶ ፈረሰኞች ይዋጡ ነው። ሊቀ ጳጳሱ የንጉሡ ዋና እንደራሴም ስለነበር ሁለቱ ጌቶች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። ሂዩ ተነሣና ተናገረ፦ የሊንከን ጳጳስ ለንጉሥ የፈረሰኛ ዕዳ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ዕዳው ግን በእንግሊዝ ምድር ነው፤ ከባሕር ማዶ ምንም የለብንም፤ በቤተ ክርስቲያኔ ላይ አዲስ ባርነት ከማመጣ ወደ አገሬ ተመልሼ በዓቴን ብገባ ይሻለኛል አለ። የሶልስበሪውም ጳጳስ ተከተለው፤ እቅዱም ፈረሰ።

ሪቻርድ የሁለቱ ጳጳሳት ንብረት እንዲወረስ አዘዘ። የሶልስበሪው ተወረሰ። የሂዩን ግን የሚነካ ጠፋ፤ ሹማምንቱ ውግዘቱን ከሞት እኩል ይፈሩት ነበርና ወራት አለፉ። በመጨረሻ ሂዩ ራሱ ባሕር ተሻግሮ በኦገስት 1198 ንጉሡ አዲስ ባሠራው የሻቶ ጋያር ምሽግ ጸሎት ቤት ደረሰ። ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ሰላም አለው፤ ንጉሡ ገላምጦት ፊቱን አዞረ። «ሳመኝ፣ ንጉሥ ሆይ» አለ ሂዩ። ሪቻርድ ይበልጥ ዞረ። ጳጳሱ የንጉሡን ካባ ደረቱ ላይ ጨምድዶ ያዘና ወዘወዘው፦ «ከሩቅ አገር መጥቻለሁ፣ መሳም ይገባኛል።» «አይገባህም» አለ ንጉሡ። «ይገባኛል» ብሎ ጠበቅ አድርጎ ወዘወዘው። ልበ አንበሳ የተባለው ሰው ፈገግ አለና ሳመው። ከቅዳሴ በኋላ ሂዩ ወደ መሠዊያው አጠገብ ወስዶ ስለ ትዳሩና የቤተ ክርስቲያንን ሹመት በገንዘብ ስለ መሸጡ ገሠጸው። ሪቻርድ በኋላ ለሰዎቹ፣ ጳጳሳት ሁሉ እንደዚህ ሰው ቢሆኑ በእነሱ ላይ ራሱን ቀና የሚያደርግ ንጉሥ አይገኝም ብሏል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው፣ ሂዩ ዕዳ የለብኝም አላለም። የት ድረስ እንደሆነ ነው የተናገረው። የሊንከን ጳጳሳት በየዓመቱ ለንጉሥ የመቶ ማርክ (ማርክ የዘመኑ የገንዘብ መለኪያ ነው) ዋጋ ያለው የፀጉር ካባ የመስጠት ግዴታም ነበረባቸው፤ ይህንን ሂዩ ለሪቻርድ አንድ ጊዜ 3,000 ማርክ ከፍሎ ለተተኪዎቹ ሁሉ አስቀርቶታል። የሻርትሩዙ መጋቢ አልተኛም።

በኤፕሪል 1199 ሪቻርድ ሞቶ ወንድሙ ጆን ሲተካ ሂዩ ፈረንሳይ ነበር፤ የሪቻርድንም ቀብር ፎንተቭሮ ላይ እሱ ፈጸመ። ጆንን በገዳሙ በር የተቀረጸ የፍርድ ቀን ሥዕል ፊት አቁሞ ወደ ሲኦል የሚነዱትን ነገሥታት አሳየው። ጆን ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ጎተተውና «እነዚህን አሳየኝ እንጂ፤ እኔ የምከተለው እነዚህን ነው» ብሎ የዳኑትን ጠቆመ። በፋሲካ ቀን ግን ነገሩ ታየ። ለመባ የሚሰጠውን 12 የወርቅ ሳንቲም መዳፉ ላይ እያገላበጠ ቆሞ አልሰጥ አለ። ምን ታያለህ ቢለው «ከጥቂት ቀን በፊት ቢሆን ለአንተ ከምሰጥ ኪሴ እከተው ነበር እያልኩ ነው» አለ። ጳጳሱ ፊቱ ቀልቶ እጁን ሰበሰበና ሳህኑ ላይ ጥለህ ሂድ አለው። ከዚያም ስብከቱን ረዘም አድርጎ ስለ ደግና ክፉ ነገሥታት ቀጠለ። ጆን ሦስት ጊዜ መልእክተኛ ላከበት፤ ጨርስልኝ፣ ርቦኛል፣ ጾሙን ልፍታ እያለ።

ስለ ሕንፃው አጭር ቃል ይበቃል። የሊንከን ካቴድራል በ1185 በመሬት መንቀጥቀጥ ተሰንጥቆ ነበር። ሂዩ በ1192 እንደ አዲስ አስጀመረው፤ እሱም ራሱ ድንጋይና ኖራ በትከሻው ተሸክሟል። ስቶው በተባለው መኖሪያው ደግሞ አንድ ትልቅ ስዋን፣ ይኸውም አንገተ ረጅም ነጭ የውኃ ወፍ፣ ለምዶት ነበር። እጅጌው ውስጥ አንገቱን ሰድዶ ዳቦ ይፈልጋል፣ ሲተኛ አልጋውን ይጠብቃል፣ ሌላውን ሰው ሁሉ ይነክሳል። ሠዓሊዎች ሂዩን ያለዚህ ወፍ አይሥሉትም።

ለዘመኑ ሰው እንኳ የከበደ አንድ ነገር አለ፤ የቅዱሳንን ዐፅም መውደዱ። ሠላሳ ያህል ቅዱሳን ዐፅም ቁራጭ የያዘ ቀለበት ነበረው። ፌካን በተባለ የኖርማንዲ ገዳም የመግደላዊት ማርያም ክንድ ነው የሚባል ዐፅም በሐር ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር፤ መነኮሳቱ ራሳቸው ፈተው ለማየት አልደፈሩም። ሂዩ በካራ ቀደደው፣ ሳመው፣ በጣቱ ሊሰብረው ሞከረ። እምቢ ሲለው በፊት ጥርሱ፣ ቀጥሎ በመንጋጋው ነክሶ ሁለት ስባሪ አወጣ። መነኮሳቱ «ሊሳለም መስሎን እንደ ውሻ ዐፅም ይግጣል!» ብለው ጮኹ። እሱ ቁራጮቹን ለአዳም እያቀበለ «ከቅዱሳን ሁሉ የሚበልጠውን የጌታን ሥጋ በዚህ አፍ እንቀበል የለ፤ የቅዱሳኑን ዐፅም በዚሁ አፍ ብነካ ምን ነውር አለው?» አለ።

በ1200 የጆንን የሰላም ስምምነት ሊያይ ፈረንሳይ ሄዶ፣ ሻርትሩዝንና የልጅነት ገዳሙን ተሰናብቶ ሲመለስ ታመመ። ለንደን ሁለት ወር ያህል ተኛ። ሊቀ ጳጳሱ ሂዩበርት ሊጠይቀው መጥቶ፣ አንዳንዴ አስቀይመኸኛልና ይቅርታ ብትለኝ አለው። ሂዩ አዎን፣ አስቀይሜሃለሁ፤ የሚቆጨኝ ግን ደጋግሜ አለማስቀየሜ ነው አለው። በኖቬምበር 16 ምሽት መሬት ላይ በአመድ መስቀል አሠርቶ ከአልጋው አስወርዶ እዚያ ተኛ፤ «ጌታ ሆይ፥ አሁን እንደ ቃልህ ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» ሲባል ሞተ።

አስከሬኑ ሊንከን ሲደርስ ጆን ከስኮትላንዱ ንጉሥ ዊልያም ጋር ለሌላ ጉዳይ እዚያው ነበር። ለመባው 12 ሳንቲም የሰሰተው ንጉሥ ወጥቶ ሬሳውን በትከሻው ተሸከመ። በ1220 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሣልሳዊ ሆኖሪዮስ ቅዱስ ብለው ሰየሙት፤ ከካርቱዚያን መነኮሳት የመጀመሪያው ነው። ተሳላሚው ከመብዛቱ የተነሣ ካቴድራሉ ለእሱ ሲባል ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ ተሠራ። በ1280 ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በተገኙበት መቃብሩ ተከፍቶ ዐፅሙ ሲወጣ ራሱ ከአንገቱ ተለየ፤ ካህናቱም ለብቻው በብርና በዕንቁ በተለበጠ ሣጥን አኖሩት። በ1364 ሌቦች ሣጥኑን ሰረቁ፣ ብሩንና ዕንቁውን ወሰዱ፣ የጳጳሱን ራስ ሜዳ ላይ ጥለውት ሄዱ።